ትርፍ አለ ተባልኩ፣ ባንክ ውስጥ ግን ብር የለም

መሐንዲሷ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ የቤትና የቢሮ ዕቃ የሚሠራ የእንጨት ሥራ ድርጅት በቅርቡ ሥራ አስኪያጅ ሆኛለሁ። ትምህርቴ ምህንድስና ነው፤ ሒሳብ አያያዝ ተምሬ አላውቅም። የሒሳብ ሠራተኛችን የጥቅምትን ሪፖርት አመጣልኝ። ትርፍ 260 ሺህ ብር ይላል። ደስ አለኝ። ባንክ ሳይ ግን ያለን 50 ሺህ ብቻ ነው። በወሩ መጀመሪያ 490 ሺህ ነበረን። የኅዳር ደሞዝ ደግሞ እየደረሰ ነው፤ 280 ሺህ ይፈልጋል። ልጁን ስጠይቀው «ሪፖርቱ ልክ ነው» ይለኛል። ሰው መጠርጠር ጀመርኩ፤ እንቅልፍም አጣሁ። ከየት ልጀምር?

የሒሳብ ባለሙያ
እህቴ፣ ሰው ከመጠርጠርሽ በፊት አራት ነገር ጠይቂና እዚህ ጻፊልን። በጥቅምት በዱቤ ተሸጦ ያልተሰበሰበው ስንት ነው? የጥሬ ዕቃ ክምችቱ በስንት ጨመረ? ከባንክ ብድሩ ላይ ዋናው (ወለዱን ሳይጨምር) ስንት ተከፈለ? የማሽኖቹ የእርጅና ቅናሽስ (ማሽኑ ሲያረጅ ከዋጋው ላይ ወጪ ተብሎ የሚያዘው) ስንት ተያዘ? ሁሉንም ከቫት በፊት አድርጊው።

መሐንዲሷ
ጠየቅሁ። ለአንድ የግል ትምህርት ቤት ዴስክ ሠርተን 400 ሺህ አልተከፈለንም። ጣውላ ሊወደድ ነው ሲባል ከወትሮው በላይ የ250 ሺህ ገዝተን መጋዘን አስገብተናል። ዋና ብድር 90 ሺህ። የእርጅና ቅናሽ 40 ሺህ።

የሒሳብ ባለሙያ
ጎሽ። በይ አብረን እናስላው።

ትርፉ 260 ሺህ ነው። የእርጅና ቅናሹን 40 ሺህ መልሰሽ ደምሪበት። ወጪ ተብሎ ይመዝገብ እንጂ ከባንክ የወጣ ብር የለም። 300 ሺህ ሆነ። አሁን ዱቤውን 400 ሺህ ቀንሺ። ዴስኩን ስላስረከባችሁ ሽያጩ ተመዝግቧል፤ ብሩ ግን ገና ትምህርት ቤቱ ጋ ነው። ጣውላውን 250 ሺህ ቀንሺ። መጋዘን የተቀመጠ ጣውላ ሀብት ነው፤ ወጪ የሚሆነው ተሠርቶ ሲሸጥ ነው። ብድሩንም 90 ሺህ ቀንሺ። ዋናውን መክፈል ዕዳ ይቀንሳል እንጂ ትርፍ አይነካም፤ ወጪ የሚባለው ወለዱ ብቻ ነው።

ሦስቱ ሲደመሩ 740 ሺህ። ከ300 ሺህ ላይ ሲነሳ 440 ሺህ ጎደለ። 490 ሺህ ሲቀነስ 440 ሺህ፣ 50 ሺህ። ልክ ባንክ ያለሽ። ልጁ እውነቱን ነው የነገረሽ።

ከአሁን በኋላ የትርፍና ኪሳራውን መግለጫ ብቻ አትቀበይ። የሀብትና ዕዳውንም፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱንም አብሮ ያምጣልሽ። አለቃ የሆነ ሰው ሦስቱን ካላየ በግማሽ ዓይኑ ነው የሚነዳው።

የቀለም ነጋዴ
ቫቱን እንዳትረሺ! እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። በ400 ሺህ ላይ 15 በመቶ 60 ሺህ ነው። ደረሰኝ ከቆረጣችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ባይከፍልም ቫቱን ለገቢዎች አሳውቃችሁ ትከፍላላችሁ። ጣውላውን ስትገዙ የከፈላችሁት ቫት ይቀነስላችኋል፤ ደረሰኝ ካላችሁ ነው ታዲያ። ጣውላ መግዛታችሁን ግን አልነቅፍም። ዋጋ ከጨመረ በኋላ ከመጮህ ቀድሞ መግዛት ይሻላል።

የሒሳብ ባለሙያ
እዚህ ላይ አልስማማም። ደሞዝ ሳይዙ ጣውላ ማከማቸት አደገኛ ነው። ሠራተኛ ደሞዙ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚሄደው ጎበዙ ነው።

ብድር ክፍል የምሠራ
ለደሞዝ ብለሽ አራጣ እንዳትነኪ። የባንክ ብድርም በሳምንት አይደርስልሽም። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ጋ ራስሽ ሂጂ፤ በስልክ ብቻ አይሆንም። ውሉንና የተረከቡበትን ሰነድ ይዘሽ፣ የሚከፍሉበትን ቀን በጽሑፍ ተቀበይ። ለወደፊቱ በትዕዛዝ የሚሠራ ዕቃ ያለ ቀብድ አትጀምሩ፤ ግማሹ ቢሆን ጥሩ ነው። ደግሞ የሚቀጥሉትን ስምንት ሳምንታት በአንድ ወረቀት ላይ አስምሪ። በየሳምንቱ የሚገባና የሚወጣ ብር፣ በቃ። እኛም ብድር ስትጠይቁን ከትርፉ በፊት እሱን ነው የምናየው።

መሐንዲሷ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። ትምህርት ቤቱ ጋ ሄጄ ነበር፤ ቫቱን ጨምሮ ካለባቸው 460 ሺህ ግማሹን፣ 230 ሺህ ዛሬ አስገቡ። ካለን 50 ሺህ ጋር ደሞዙን በልኩ ይሸፍናል። ቀሪውን በ15 ቀን እንደሚከፍሉ ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ቫቱን ከእሱ እከፍላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። የእርጅና ቅናሽ ብር ካልወጣበት ለምን ወጪ ይባላል?

የሒሳብ ባለሙያ
የእንጨት መላጊያ ማሽንሽን አስቢው። ብሩ የወጣው ስትገዙት ነው፤ የሚያልቀው ግን በየቀኑ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ዋጋው በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ ይከፋፈላል። ያንን ካልያዝሽ ዴስኩን ከሚያስወጣው በታች ትሸጪዋለሽ፤ ማሽኑ የቆመ ቀን ደግሞ መተኪያ ታጪያለሽ። ከተቻለ ከዚያ 40 ሺህ ላይ በየወሩ ትንሽ ለብቻው አስቀምጪ።