የ7 ዓመት ልጅ ልደት በህዋ ጭብጥ፦ 14 ልጆችን ሳሎን ውስጥ እንዴት እናስተናግድ?

የኪያ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ በሚቀጥለው ወር 7 ዓመት ይሞላዋል። ስለ ፕላኔትና ስለ ሮኬት ማውራት ስለማይጠግብ ልደቱን በህዋ ጭብጥ ልናደርግለት አስበናል። የምናከብረው ቤት ውስጥ ነው፤ ሳሎናችን 4 በ5 ሜትር ነው። የሚመጡት 14 ልጆች ናቸው፣ ሁሉም ከ6 እስከ 8 ዓመት። ሁለቱ ግን የ3 ዓመት ታናሾቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ያለን ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሳሎኑን ሳናጣብብ ህዋ ለማስመሰል ምን እንሥራ? ጊዜውንስ እንዴት እንከፋፍለው? ኬኩ ምን ያህል ይሁን፣ መቼስ ይቆረስ?

ዲኮር በእጄ

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! መሃሉ ባዶ እስከሆነ ድረስ 4 በ5 ሳሎን ለ14 ልጅ ይበቃል። ሶፋውን ግድግዳ አስጠግታችሁ የመሃሉን ጠረጴዛ ወደ ሌላ ክፍል አውጡት። ዲኮሩን ደግሞ ሦስት ቦታ ላይ ብቻ አድርጉት፦ በሩ ላይ፣ ከኬኩ ጠረጴዛ ጀርባና ጣሪያው ላይ። በየግድግዳው ትንሽ ትንሽ የተለጠፈ ነገር ፎቶ ላይ አይታይም፣ ቤቱን ግን የተዝረከረከ ያስመስለዋል።

ፕላኔት ለሚወድ ልጅ ከሁሉ የሚያምረው መጠናቸውን ጠብቆ መሥራት ነው። መሬትን 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ሰማያዊ ኳስ ካደረጋችኋት ጁፒተር 28 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ደግሞ የተለመደው ፊኛ ሙሉ በሙሉ ሲነፋ የሚደርስበት መጠን ነው። ሳተርን ወደ 24፣ ዩራነስና ኔፕቲዩን ወደ 10 ገደማ፣ ቬነስ ከመሬት ጥቂት ያነሰች፣ ማርስ 1.3፣ ሜርኩሪ ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ፀሐይ በዚሁ ልክ 2.7 ሜትር ትሆናለችና ሙሉዋን መሥራት አያስፈልግም፤ ሩቧ ይበቃል። ከኬኩ ጠረጴዛ ጀርባ ያለውን የግድግዳ ጥግ ያዙ፣ 1.36 ሜትር ክር ታችኛው ማዕዘን ላይ አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላው ጫፉ ላይ እርሳስ አስሮ ቅስት ይሳል። ቅስቱን በቢጫና በብርቱካን ወረቀት ሙሉት። ልጆቹ ያቺን ብይ የምታክል መሬት ከዚያ ግድግዳ ጋር ሲያስተያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ አያልቅም።

ፊኛዎቹን በልካቸው ለመንፋት ካርቶን ላይ 28፣ 24 እና 10 ሴንቲ ሜትር ክብ ቀዳዳ ቁረጡና እያንዳንዱን እያሳለፋችሁ ለኩ። ዓይን ይሸውዳል። የሳተርን ቀለበት ከካርቶን ይቆረጣል፤ የውስጡ ቀዳዳ ከፊኛው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጠበብ ካለ ያለ ማስቲሽ ይይዛል።

ሂሊየም አያስፈልጋችሁም። በሂሊየም የተሞላ ተራ የላስቲክ ፊኛ በአየር ላይ የሚቆየው ከ12 እስከ 20 ሰዓት ገደማ ስለሆነ የግድ በዕለቱ መሞላት አለበት፣ ያ ደግሞ ጠዋቱን ይበላል። በአየር የተነፋው ዋዜማውን ተዘጋጅቶ በቀጭን ናይለን ክር ከጣሪያ ይንጠለጠላል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብ ግን አታድርጉት። በተለይ ጥቁር ቀለም ያለው ሙቀት ስለሚስብ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ይፈነዳል። ፕላስተር ቀለም እንዳይልጥ ግድግዳው ላይ መጀመሪያ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ዋናውን ከላዩ።

አንድ የፎቶ ነገር፦ ለጥቁር ሰማይ የሚያብረቀርቅ ላስቲክ አትጠቀሙ፣ ፍላሹን መልሶ ይረጨዋል። ደብዛዛ ጨርቅ ይሻላል። ፎቶ አንሺው መስኮቱን በጀርባው በኩል ያድርግ፣ ያኔ ብርሃኑ የልጆቹ ፊት ላይ ያርፋል።

መምህርት ጽዮን

ዲኮሩ ግሩም ነው፤ ድግሱን የሚያቆመው ግን የጊዜ አከፋፈሉ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚረብሸው ተራ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ 14ቱን ለሁለት ከፍላችሁ ሁለት ጨዋታ በአንድ ጊዜ አስኪዱ፣ ከዚያ አቀያይሯቸው።

የመጀመሪያው 20 ደቂቃ የመድረሻ ሰዓት ነው። ልጆች በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ ቀድሞ የመጣው የሚሠራው ነገር ካላገኘ መሮጥ ይጀምራል፣ ሁሉም ይከተለዋል። ጠረጴዛ ላይ የጠፈርተኛ ስም ካርድ እንዲያስጌጡ 16 የተቆረጠ ወረቀት፣ ቀለምና ተለጣፊ ኮከብ አስቀምጡ። ከዚያ ለ50 ደቂቃ ሁለቱ ጣቢያዎች፣ 25 ደቂቃ በየተራ። ቀጥሎ 25 ደቂቃ ምግብና ኬክ፣ 30 ደቂቃ በፍንጭ የተደበቀ ስጦታ ፍለጋ፣ የቀረው 25 ደቂቃ ነፃ ጨዋታና መሰነባበቻ።

የመጀመሪያው ጣቢያ የፊኛ ሮኬት ነው። ሁለት ወንበር መካከል 4 ሜትር ያህል ለስላሳ ናይለን ክር ወጥሩ። ከመወጠራችሁ በፊት ግን 10 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ስትሮው አስገቡበት። ፊኛውን ንፉ፣ አፉን ሳታስሩ በጣት ያዙ፣ ከዚያ ስትሮው ላይ በሁለት ፕላስተር ለጥፉና ልቀቁት። ብዙ ሰው ፊኛውን መጀመሪያ ለጥፎ በኋላ ይነፋል። ላስቲኩ ሲለጠጥ ፕላስተሩ ይነሳል፣ ሮኬቱም ተጣሞ ይቆማል። የሱፍ ክር ከሆነ ደግሞ ጸጉሩ ስትሮውን ይይዘዋል። ክሩ ከረገበም መሃል ላይ ይቀራል። ሁለት ክር ጎን ለጎን ካለ ውድድር ይሆናል። ረዥም ፊኛ ከክቡ ይልቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው የጨረቃ ጉድጓድ ነው። ጠርዙ ከፍ ያለ ትሪ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ዱቄት አፍሱ፣ ላዩን በወንፊት ስስ ካካዎ ንፉበት። ብይ ከ30፣ ከ60 እና ከ100 ሴንቲ ሜትር ይጣላል፣ የጉድጓዱ ስፋት በማስመሪያ ይለካል። ነጩ ዱቄት በቡናማው ላይ እንደ ጨረር ሲረጭ ያያሉ፤ ጨረቃ ላይ ያለው ታይኮ የሚባለው ጉድጓድም ልክ እንዲህ ያሉ ጨረሮች አሉት። ትሪው ስር ሰፊ ላስቲክ አንጥፉ። ዱቄቱን ከሦስት ውርወራ በኋላ ስታስተካክሉ አትጫኑት፤ ከተጠቀጠቀ ብዩ ይነጥራል እንጂ አይቆፍርም።

ለፍለጋው 6 ፍንጭ ይበቃል። ሁለቱ ቡድኖች በሁለት ቀለም ካርድ፣ ቅደም ተከተላቸው ተቃራኒ ይሁን፤ አለበለዚያ አንዱ የሌላውን ፍንጭ ያነሳል። የመጨረሻው ብቻ የጋራ ይሁን፣ እዚያም ስም የተጻፈባቸው 16 ስጦታዎች ይጠብቋቸው። ይዘታቸው አንድ ዓይነት ይሁን፤ በዚህ ላይ ልጆች ዓይናቸው ስለታም ነው።

የወንበር ጨዋታ የምትፈልጉ ከሆነ ወንበር ይቀነስ፣ ልጅ ግን አይቀነስ፤ በቀሩት ወንበሮች ላይ ተጋግዘው ይቀመጡ። በተለመደው አጨዋወት ከ14 ልጅ መጀመሪያ የወጣው 12 ዙር ቁጭ ብሎ ያያል።

አዋቂ ቢያንስ አራት ያስፈልጋል፦ በየጣቢያው አንድ አንድ፣ ለታናናሾቹ አንድ፣ ለበርና ለኩሽና አንድ።

ክሬምና ሻማ

በአንድ ነገር ከመምህርት ጋር እለያለሁ። ምግቡ በመሃል ይሁን፤ ኬኩ ግን ከፍለጋው በኋላ ቢሆን ይሻላል። ክሬም የነካ እጅ ቤቱን ሁሉ ሲበረብር አስቡት።

መጠኑን በተመለከተ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሁለት ንብርብር፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ኬክ 20 ሰው ያህል ያዳርሳል። ለ16 ልጅና ለአራት አዋቂ ልክ ነው። ወላጆችም የሚቀምሱ ከሆነ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፣ 28 ሰው ገደማ ይደርሰዋል።

ለህዋ ሁሉም ጥቁር ክሬም ያዛል። ነጭ ክሬምን ለማጥቆር ብዙ ቀለም ይፈጃል፤ ይመራል፣ ጥርስና ልብስም ያበላሻል። ክሬሙን በካካዎ ቡናማ አድርጋችሁ ከዚያ ጥቁር ቀለም ጨምሩና አሳድሩት። ቀለሙ በሰዓታት ውስጥ ራሱ እየጠቆረ ስለሚሄድ ጥቂቱ ይበቃል። ከላይ ብቻ ጥቁር፣ ጎኑን ነጭ ማድረግም ያምራል። ለኮከብ የሚነሰንሰውን ብልጭልጭ ስትገዙ «የሚበላ» የሚል ይኑረው። «መርዛማ ያልሆነ» ማለት ይበላል ማለት አይደለም።

የቅቤ ክሬም ኬክ ከመቆረሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ ከፍሪጅ ይውጣ፤ በብርዱ ከተበላ ክሬሙ ይጠነክራል፣ ኬኩም ደረቅ ይመስላል። በፎንዳንት (እንደ ሊጥ ተዳምጦ በሚለብስ የስኳር ሽፋን) የተሸፈነ ከፍሪጅ ሲወጣ ላብ ያወጣልና በእጅ አትንኩት፣ ሲቆይ ራሱ ይደርቃል። የተመታ የወተት ክሬም ግን እስከ ሻማው ሰዓት ፍሪጅ ይቆይ። ሻማውን ከራቀው ጀምሩና ወደ ራሳችሁ ለኩሱ፣ እጃችሁ በእሳት ላይ አያልፍም። ፊኛም ሆነ ያ የወረቀት ፀሐይ ከሻማው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

የጥሪ ካርዱ ላይ የመጨረሻውን ሰዓት ጻፉ፤ ኦቾሎኒ፣ እንቁላል ወይም ወተት የማይስማማው ልጅ ካለም በዚያው ጠይቁ።

የኪያ እናት (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ! ፀሐይዋን ዛሬ መሳል እጀምራለሁ። ኬኩም ከፍለጋው በኋላ ይሁን። አንድ ብቻ ቀረኝ፦ ፊኛውና ብዩ ለ3 ዓመቶቹ አያሰጋም?

ዲኮር በእጄ

ያሰጋል፣ በደንብ። ያልተነፋ ፊኛና የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋል። ማስጠንቀቂያው ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁሉ ስለሆነ የናንተን እንግዶች ከሞላ ጎደል በሙሉ ይመለከታል። ፊኛ በአፍ የሚነፋ ልጅ አይኑር፤ የእጅ ፓምፕ ይኑራችሁ፣ አዋቂው ይንፋ። ያልተነፉት በተዘጋ ሣጥን ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ፣ ሲፈነዳ ቁራጩ ወዲያው ይለቀም።

ብዩን ደግሞ ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ፤ 6 ይበቃል። ትንሿ የመሬት ኳስም ልጅ እጅ የማይደርስበት ጣሪያ ላይ ትሰቀል። ታናናሾቹን የሚይዘው ሰው የጉድጓዱ ጨዋታ ሲጀመር ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዳቸው፤ እዚያ ትልልቅ ካርቶን ሣጥን ስጧቸው፣ በር የተቆረጠለት ካርቶን ለ3 ዓመት ልጅ ሙሉ መንኮራኩር ነው።