አባ ሳሙኤል ወርደን እምቦጭ እንንቀል ወይስ እዚሁ ቀበና እንጀምር?

አወያይ፦ ባለፈው እሁድ አንድ አባላችን «አውቶቡስ ተከራይተን አባ ሳሙኤል ግድብ እንውረድና እምቦጭ የሚባለውን የውሃ አረም እንንቀል» አለ። ግማሻችሁ ደገፋችሁት። ግማሻችሁ ደግሞ «ገንዘቡ እዚሁ ቀበና ወንዝ ዳር እንደ ደንገልና ፊላ ያለ አገር በቀል ተክል ይተከልበት» አላችሁ። የቱ ይቅደም? ስድብ ያለበት መልእክት ይጠፋል።

የጣና ልጅ፦ እኔ ጣና ላይ ነቅያለሁ። ወገብህ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተህ ትጎትታለህ፤ ሥሩ እንደ ጥቁር ፀጉር ተንዘርፍፎ ይወጣል። አንዱን ብታነሳው ቀላል ነው፣ ክምሩ ግን ወገብ ይሰብራል፤ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ነዋ። ዳር ላይ ከምረን የተውነውን የክረምት ውሃ መልሶ ወሰደው። የት እንደሚጣል ሳይታወቅ እኔ አውቶቡስ አልሳፈርም።

ኢንጂነሩ፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ግላይፎሴት የሚባለው የአረም ማጥፊያ ይረጭና ይገላግለን።

የጣና ልጅ፦ ይደርቃላ። ከዚያስ? ሰጥሞ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣው ይሞታል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ይበቅላል። ደግሞስ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማውን ጎመንና ሰላጣ ማን ነው የሚበላው? እኛው አይደለን?

ኢንጂነሩ፦ እሺ እምቦጭ የሚበላው ጥንዚዛስ? ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ዩጋንዳዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለቀውት ሠርቷል።

የጣና ልጅ፦ ሠርቷል፣ አልክድም። ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ብርድ ባለበት ደግሞ ይዳከማል። ደጋ ላይ መሆናችንን አትርሳ።

የግንፍሌዋ፦ ሁላችሁም ስለ ማጥፋት ታወራላችሁ፤ ማን እየቀለበው እንደሆነ የሚያነሳ ጠፋ። ግንፍሌ ቀበና ይገባል፣ ቀበና ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። ከዚያ አዋሽ፣ ከአዋሽ ቆቃ። ቆቃ ላይ እምቦጭ ከታየ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ጣና ላይ ችግሩ የታወቀው ግን በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። እኔ ያለሁበት ግቢ የሽንት ቤቱ ቱቦ ዝናብ ሲጥል ተጠብቆ ወንዝ ላይ ይለቀቃል። ተነስቼ አይቻለሁ፣ ሽታውም ይቀሰቅሳል። ያ ፍሳሽና የልብስ ሳሙናው ነው ለእምቦጩ ማዳበሪያ የሚሆነው። በአንድ እጃችን እያጎረስነው በሌላው ልንነቅለው ነው?

ጋሽ ዝምታ፦ ልጄ ልክ ነሽ። ተክሉን ግን እቃወማለሁ። ወንዝ ዳር ፊላ ካበቀላችሁ የሌባ መደበቂያና የትንኝ መራቢያ ነው የሚሆነው። አሁን ያለው ሣርና አበባ ምን አለው? ደስ ይላል፣ ሰው ይናፈስበታል።

ቄጠማ፦ ጋሼ፣ ያ የሚያምረው ሣር በጋውን ሙሉ በቦቴ ውሃ ሲጠጣ አላዩም? እናቴ በበዓል ዋዜማ አራት ኪሎ ሰፈር ቄጠማ ትሸጣለች። ድሮ ከከተማው ጥግ ታጭድ ነበር፤ ዛሬ ከከተማ ውጭ ነው የሚመጣላት። ረግረጉ ላይ ቤት ተሠራበት።

ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝ። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ሰው «የውሃ አበባ ነው» ብሎኝ ሁለት ፍሬ ገዝቼ ሳፋ ውስጥ አኖርኩት። ሐምራዊ አበባው ልብ ይሰርቃል። ወር ሳይሞላ ሳፋው ሞላ፣ ግንዱን ስቆርጠው ውስጡ እንደ ስፖንጅ። እምቦጭ ነበር። ወንዝ እንዳይገባብኝ ብዬ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ አድርቄ አቃጠልኩት። እስቲ ይሄ ሽያጭ አይከለከልም?

ኢንጂነሩ፦ 😂 እንግዲህ ሐይቁን የወረረው የሰፈራችን ችግኝ ሻጭ ነው በሉና!

የጣና ልጅ፦ አትሳቅ፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው እኮ ለአበባው ብለው ነው። ቀበና ላይ ደንገል እንትከል የምትሉት ግን ተሳስታችኋል። ደንገል የረጋ ውሃ ይወዳል፤ ቀበና በሐምሌ ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚወርደው፣ ጠራርጎ ይወስደዋል። እዚህ አኻያ ነው የሚያዋጣው፤ ቅርንጫፉን ቆርጠህ ብትሰካው ይይዛል፣ ሥሩ ዳሩን ያጠብቃል። ደንገልና ፊላ ታች ውሃው የሚተኛበት ይሁን፣ ከእምቦጩ በተለቀቀው ቦታ።

ጋሽ ዝምታ፦ አኻያ ከሆነ እኔም እተክላለሁ። ልጅ ሳለን ጥላው ሥር ነበር የምንውለው።

አወያይ፦ እና ድምፅ እንስጥ? አውቶቡስ ወይስ አኻያ?

የግንፍሌዋ፦ ሁለቱም ይቆዩልኝ። መጀመሪያ የእኛ ግቢ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይመጠጥ። ሰባት አባወራ ነን፤ አምስቱ ለማዋጣት ተስማምተዋል። ሁለቱን የሚያግባባና የመጣጭ መኪና ስልክ ያለው ሰው በውስጥ ይላክልኝ።