መብራት ሄዶ የደንበኛዬ ዳታ ተበላሸ፤ ብቻዬን ለምሠራ ሰው ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂ፣ ከደሴ
ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? ብቻዬን የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እሠራለሁ። በሲ ሻርፕ ቋንቋ ነው፣ ዳታው ኤስኪውላይት በሚባል፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል በሚይዝ ዳታቤዝ ላይ ይቀመጣል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ባቲ 11 ደንበኞች አሉኝ።

ባለፈው ሰኞ የባቲው ደንበኛዬ ደወለ። ሰኞ የገበያ ቀናቸው ነው፣ ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ሽያጭ እየመዘገበ መብራት ሄደበት። ሲመጣ ፎልደሩን በስልክ አስከፈትኩት፣ ከዳታው አጠገብ ስሙ «ጆርናል» ብሎ የሚያልቅ ትንሽ ፋይል አለ አለኝ። ከዚህ በፊት አንድ ቦታ እሱን አጥፍቼ ፕሮግራሙ ስለተነሳልኝ አሁንም አጥፋው አልኩት። ከዚያ በኋላ «ዳታቤዝ ዲስክ ኢሜጅ ኢዝ ማልፎርምድ»፣ ማለትም የዳታው ፋይል ተበላሽቷል ብሎ ቀረ። ፍላሽ ላይ ያለው ባክአፕ የ19 ቀን ነው። የሰኔ 30 ቆጠራ ደግሞ እየደረሰ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ዕቃ ከኤክሴል ሳስገባ በጣም ስለሚዘገይ «ሲንክሮነስ» የሚለውን የኤስኪውላይት ሴቲንግ ኦፍ አድርጌዋለሁ። ኮዱን ደግሞ ለየደንበኛው በየስሙ ፎልደር ነው የማስቀምጠው፣ አንድ ስህተት ሳገኝ 11 ቦታ አርማለሁ። እባካችሁ ዳታውን ማዳን ይቻላል?

ቦርከና ዳር፣ ከኮምቦልቻ
አብሽር ወንድሜ፣ አብዛኛው ይወጣል። መጀመሪያ የተበላሸውን ፋይል ኮፒ አድርግና ዋናውን አትንካ። የኤስኪውላይትን የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም አውርድ፣ ቅጂው 3.29 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ውስጡ «ሪከቨር» የሚል ትእዛዝ አለ፣ ከፊቱ ነጥብ ይደረግለታል። የሚተርፈውን ሁሉ አውጥቶ ይሰጥሃል፣ አንተ አዲስ ፋይል ውስጥ ታስገባዋለህ። ቀጥሎ «ኢንቴግሪቲ ቼክ» አሂድ። እሱ «ኦኬ» ቢልም እንኳ ከደረሰኝ ቀሪው ጋር አስተያይ፣ ምክንያቱም የፋይሉን ጤና እንጂ የጠፋ ሽያጭ መኖሩን አይነግርህም።

አሁን ጆርናሉ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ኤስኪውላይት አንድ ገጽ ከመቀየሩ በፊት የድሮውን ገጽ እዚያ ፋይል ላይ ይገለብጣል። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ በሚቀጥለው ሲከፈት ያንን አንብቦ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ያስጠፋኸው የመመለሻ መንገዱን ነው። ሲንክሮነስ ኦፍ ሲሆን ደግሞ ጽሑፉ ዲስኩ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ ይቀጥላል። መብራት እንዲህ በሚሄድበት አገር ይህን ማድረግ የለብህም፣ ዛሬውኑ ወደ ፉል መልሰው። ዕቃ ማስገባቱ የዘገየብህ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚጻፍ ወይ የማይጻፍ አንድ ሥራ) ስለሆነ ነው። ሁሉንም በአንድ ቢጊንና በአንድ ኮሚት መሀል አስገባው፣ 4000 ዕቃ ቢሆን 4000 ጊዜ ዲስኩን መጠበቁ ቀርቶ አንድ ጊዜ ይጠብቃል።

ሌላ አባል
ዋል ሞድ (ለውጡን መጀመሪያ ሌላ ፋይል ላይ የሚጽፍበት አሠራር) ብታደርገውስ? ይፈጥናል።

ቦርከና ዳር፣ ከኮምቦልቻ
ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን እሱም «ዋል» እና «ኤስኤችኤም» የሚሉ ፋይሎች አጠገቡ ይፈጥራል። እነሱንም ማንም እንዳይነካ።

የወልድያዋ
እኔ ለፋርማሲዎች ነው የምሠራው። ወንድሜ፣ ባለ ሱቁ ባክአፕ ያደርጋል ብለህ አትጠብቅ፣ እሱ ሥራ አለው። እኔ ማታ «ሒሳብ ዝጋ» የሚለውን ሲጫኑ ፕሮግራሙ ራሱ «ቫኪዩም ኢንቱ» በሚባለው ትእዛዝ ቀን የተጻፈበት ሙሉ ቅጂ ያወጣል፣ ፍላሽ ከተሰካ እዚያም ላይ። የመጨረሻዎቹን 14 ያስቀምጣል፣ የቆየውን ያጠፋል። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ፋይሉን እንዲሁ ኮፒ ፔስት ማድረግ ግን አደጋ አለው፣ ግማሹ የድሮ ግማሹ የአዲስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ባክአፕ ሦስት ቀን ካለፈው መስኮቱ አናት ላይ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ከዚህ ቀይ ጽሑፍ በኋላ ነው ደንበኞቼ ፍላሽ መሰካት የለመዱት። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ በወር አንዴ አንዱን ባክአፕ ላፕቶፕህ ላይ ከፍተህ እየው። ከፍተህ ያላየኸውን ባክአፕ አለኝ ብለህ አትተማመን።

የሐይቁ ልጅ፣ አሁን አዲስ አበባ
እኔን ያሳሰበኝ 11ዱ ፎልደር ነው። ኮዱ አንድ ይሁን፣ ደንበኛ ከደንበኛ የሚለየው ነገር ደግሞ ሴቲንግ ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ። የሱቁ ስም፣ የደረሰኙ መልክ፣ ታክሱ፣ ሁሉም። የኮዱን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ የሚይዘውን ጊትን ተጠቀም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሲሠራው ጀምሮ ሙሉ ታሪኩ አንተው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ኔት ባይኖርም ትሠራለህ። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ይኑርህ፣ ኔት ስታገኝ ደግሞ ወደ ውጭ ላከው።

ቨርዥን ቁጥሩን መስኮቱ አናት ላይ ጻፈው፣ ጊት ላይም በዚያው ቁጥር ታግ (ምልክት) አድርግ። ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ «አናቱ ላይ ስንት ይላል?» ብለህ ጠይቅ። የሠንጠረዦቹን ቅርጽ ደግሞ ኤስኪውላይት ውስጥ ባለው «ዩዘር ቨርዥን» ቁጠር፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ 3 ካገኘ ባክአፕ አውጥቶ ወደ 4 ያሻግር። መጫኛውን ለመሥራት ኢኖ ሴትአፕ የሚባለው ፕሮግራም በቂ ነው። «አፕ አይዲ» የሚለውን የፕሮግራሙን መለያ ግን በፍጹም አትቀይር፣ አለዚያ አዲሱ አሮጌውን መተካቱ ቀርቶ ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ዳታውን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አታስቀምጥ፣ ቦታው ፕሮግራም ዳታ የሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ነው።

ባለ ዊንዶውስ 7
ሱቆቹ ጋ ዊንዶውስ 7 ያለው አሮጌ ማሽን ካለ ዶት ኔት 8 (የሲ ሻርፕ ፕሮግራም የሚሄድበት መሠረት) አይሄድልህም። የቆየው ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8 ግን ሰርቪስ ፓክ 1 ባለው ዊንዶውስ 7 ላይ ይሠራል። ዳታው መብራት ሲሄድ ይተርፍ እንደሆነ ለማየት፣ ቨርቹዋል ቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ዊንዶውስ 7 ጫንና ሽያጭ እየመዘገብክ ማሽኑን ድንገት ፓወር ኦፍ አድርገው። 20 ጊዜ ደጋግመው።

ጠያቂ፣ ከደሴ
አላህ ይስጣችሁ፣ ወጣ! ሪከቨር ከሰኞ ጠዋት በቀር ሁሉንም መለሰው። ባቲ ወርጄ ከባለ ሱቁ ጋር የደረሰኝ ቀሪውን እያነበበልኝ የጎደሉትን 37 ሽያጮች አስገባን፣ አንዱ ቆርቆሮ ብቻ ከመጋዘኑ ጋር አልገጠመም ነበር፣ እሱም በዱቤ የሄደ ሆኖ ተገኘ። ሲንክሮነስን መልሻለሁ፣ ዕቃ ማስገባቱም በትራንዛክሽን ከበፊቱ ፈጥኗል። እህቴ፣ ቀዩን ጽሑፍ እንዳለ ወሰድኩት። ኮዱን ወደ አንድ እያመጣሁ ነው፣ ባቲና ሐይቅ አዲሱን ጭነዋል፣ ዘጠኝ ይቀሩኛል። ነገ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ቦርከና ዳር፣ ቡናው በእኔ ነው።