የመርከብ ሞዴሎች መታጠፊያ ቴምፕሌት፦ ቅስቱን የሚከተለው የትኛው የመርከቧ ነጥብ ነው?

መልህቅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ከጓደኛዬ ጋር በ1፡3000 ስኬል በተሠሩ ሞዴሎች የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የባሕር ውጊያዎች በጠረጴዛ ላይ እንጫወታለን። የምንከተለው ደንብ ለትልልቅ የጦር መርከቦች 12 ሴንቲ ሜትር የመታጠፊያ ሬዲየስ ስለሚሰጥ፣ ከወፍራም ካርቶን ላይ በኮምፓስ የዚያኑ ያህል ሬዲየስ ያለው ሩብ ክብ ቴምፕሌት (መርከቧን በጠርዙ ይዘን የምናዞርበት መለኪያ) ቆርጬ ጠርዙን በየ15 ዲግሪው አስምሬበታለሁ። ሞዴሎቹ የተጣበቁባቸው መቀመጫዎች 9.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው።

ችግሩ፣ አንዲትን መርከብ ከአንድ ቦታ አስነስተን 90 ዲግሪ ስናዞራት እኔ የማደርሳትና ጓደኛዬ የሚያደርሳት ቦታ አንድ ሆኖ አለማወቁ ነው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ቶርፒዶ (በውኃ ውስጥ የሚሄድ ፈንጂ) በተተኮሰ ጊዜ ደግሞ መመታትና መትረፍን የሚለየው ይህቺው ርቀት ናት። ሁለታችንም በቅንነት ስለምንጫወት ጥፋቱ ከመለኪያው ወይም ከአያያዛችን እንደሆነ እገምታለሁ። የካርቶኑ ጠርዝም ከአጠቃቀም ብዛት እየተላጠ በመሆኑ አዲስ ከመሥራቴ በፊት ስህተቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ለዲስትሮየሮች (ለትናንሾቹ ፈጣን የጦር መርከቦች) ደግሞ ግማሽ ሬዲየስ ያለው ሌላ ቴምፕሌት ለመቁረጥ አስቤያለሁ፤ አካሄዴ ትክክል ይሆን?

ሰሜን ኮከብ፦

ካርቶኑ በትክክል የተቆረጠ ይመስለኛል። ያልተወሰነው፣ ቅስቱን ተከትሎ የሚሄደው የመርከቧ ነጥብ የትኛው ነው የሚለው ነው። አንዳችሁ የመቀመጫውን ጎን ከካርቶኑ ጠርዝ ጋር እያስጠጋችሁ፣ ሌላችሁ ደግሞ የመርከቧን መካከለኛ መስመር ከጠርዙ ጋር እያገጠማችሁ የምታዞሩ ከሆነ፣ ሁለት የተለያዩ ክቦችን ነው የምትጓዙት። ጎኑ ጠርዙን ሲነካ የመርከቧ መካከል ከጠርዙ በመቀመጫው ግማሽ ስፋት ማለትም በ1 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ የምትዞረው በ13 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ነው። ከ90 ዲግሪ በኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን አልፋ ትገኛለች፤ በቀጥታ ሲለካ 1.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሄደችው መንገድም 18.85 መሆን ሲገባው 20.42 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ በደንቡ ያልተፈቀደላት ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ጉዞ ታተርፋለች።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጎን ለጎን ማስጠጋት ለእጅ ስለሚመች እርሱን ያዙና ቴምፕሌቱን በ11 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ቁረጡት፤ የርቀት ምልክቶቹን ግን የመርከቧ መካከል በሚጓዝበት በ12 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ አስሉ። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ 15 ዲግሪ 3.14 ሴንቲ ሜትር ጉዞ ይወስዳል። ሰፊ መቀመጫ ላላቸው ሞዴሎች ከሬዲየሱ ላይ የሚቀነሰውም የመቀመጫቸው ግማሽ ስፋት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ራሴ ይህን ሳላስተውል ረጅም ጊዜ ተጫውቻለሁ። የመቀመጫው ጎን ቀጥ ያለ፣ ቴምፕሌቱ ደግሞ ወደ ውጭ የጎበጠ ስለሆነ የሚነካኩት በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። በእርስዎ መቀመጫ ያቺ ነጥብ መካከሉ ላይ ስትውል ከፊትም ከኋላም ጫፉ ዘንድ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ይቀራል። ተጫዋቹ ክፍተቱን ለማጥበብ የመርከቧን አፍንጫ ወደ ጠርዙ ከገፋው አቅጣጫዋ ሳይታወቀው በብዙ ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መቀመጫ በሁለቱም ጎን፣ ልክ በርዝመቱ እኩሌታ ላይ፣ ቀጭን የቀለም ምልክት አድርጉ። ጎኑ ጠርዙን በዚያ ምልክት ላይ ብቻ የሚነካ ከሆነና ምልክቱ ከቴምፕሌቱ የዲግሪ መስመር ጋር ከገጠመ፣ የመርከቧ አቅጣጫ ያለ ሌላ መለኪያ በራሱ ትክክል ይሆናል።

ስለ ቁሳቁሱ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብርሃን አሳላፊ አክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) እመርጣለሁ፤ ከሥሩ ያለውን ስለሚያሳይና ለግራም ለቀኝም ተገልብጦ ስለሚያገለግል ነው። ከመቀመጫው እንዳይሳሳ ግን ተጠንቀቁ፤ ከሳሳ መቀመጫው ጠርዙ ላይ ይወጣል። ንድፉን በኮምፒውተር ሠርተው የሚያትሙት ከሆነ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር አብረው አሳትመው በማስመሪያ ይለኩት፤ የአታሚው ማሽን ምስሉን ከወረቀቱ ጋር ለማመጣጠን ብሎ ካሳነሰው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጥልቅ ባሕር፦

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ዲስትሮየሮቹ ሬዲየስ ልጨምር። ትንሽ መርከብ ሁልጊዜ በጠባብ ክብ ትዞራለች የሚለው ግምት እውነት የሚመስል ነገር ግን የሚያሳስት ነው። 270 ሜትር ርዝመት ያላቸው የአሜሪካ የአዮዋ ምድብ የጦር መርከቦች በ30 ኖት ፍጥነት ሲታጠፉ የክባቸው ዲያሜትር ወደ 740 ሜትር ገደማ ነበር። ከእነርሱ ግማሽ ርዝመት እንኳ የሌላቸው የፍሌቸር ምድብ ዲስትሮየሮች አንድ መሪ (ከኋላ ሆኖ መርከቧን የሚያዞር ሰሌዳ) ብቻ ስለነበራቸው የሚዞሩት ከዚያ በሰፋ ክብ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው የሳምነር ምድብ ሁለት መሪ የተሠራለትም ይህን ጉድለት ለማረም ነው። ስለዚህ ቴምፕሌቱን በመርከቧ መጠን ሳይሆን በምድቧ መለየት ይገባል፤ ሁሉንም ዲስትሮየሮች በግማሽ ሬዲየስ ማዞር ፍሌቸሮችን ያልነበራቸውን ችሎታ መስጠት ነው።

ስሌቱን ለማመሳከር፣ 740 ሜትር በ1፡3000 ሲመነዘር 24.7 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ይሆናል፤ ደንባችሁ የሰጠው 12 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ለእነዚህ መርከቦች ከእውነታው ብዙ አይርቅም ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ግን የጠረጴዛው የርቀት ስኬል ከሞዴሎቹ ስኬል ጋር አንድ ሲሆን ብቻ ነው። አንዳንድ ደንቦች መድፎቹ የሚደርሱበትን ርቀት ጠረጴዛው ላይ ለማስገባት 1 ሴንቲ ሜትርን እንደ 100 ሜትር ይቆጥሩታል። እንደዚያ ከሆነ ያው ክብ 7.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆንና ከራሷ ከሞዴሏ ርዝመት ያንሳል፤ በዚያ ሁኔታ ቅስት መቁረጥ ዋጋ የለውም፣ መርከቧን በመካከሏ ላይ በተወሰነ ዲግሪ ማሽከርከር ይሻላል።

ሌላው የማሳስበው፣ መርከብ መሪዋ እንደዞረ ወዲያው አትታጠፍም፤ ጥቂት በቀድሞው አቅጣጫ ትሄዳለች፣ በመታጠፉም ጊዜ ከፍጥነቷ ጉልህ ክፍል ታጣለች። ለዚህ ብዬ በቴምፕሌቴ መነሻ ላይ ከቅስቱ በፊት 4 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ጠርዝ ትቻለሁ። ለፍጥነቱ ደግሞ በየ45 ዲግሪው ከጉዞዋ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲቀነስ ቴምፕሌቱ ላይ ጽፌበታለሁ፤ ቁጥሩ ለጨዋታው የመረጥኩት እንጂ ከመዝገብ ያገኘሁት አይደለም።

መልህቅ (ጠያቂ)፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጓደኛዬን ስጠይቀው በእርግጥ መካከለኛውን መስመር ከጠርዙ ጋር እያገጠመ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ጎኑን ነበር የማስጠጋው። የ11 ሴንቲ ሜትሩን ከካርቶን ቆርጠን ብንሞክረው ሁለታችንም አንድ ቦታ ደረስን። የቀረኝ ጥያቄ፣ መርከቦቹ በሰልፍ ሲሄዱ ጎረቤት ሞዴሎችን ሳላናጋ ቴምፕሌቱን እንዴት እንደማስቀምጠው ነው።

የኋላ ጠባቂ፦

መልሱ ሰልፉ በሚታጠፍበት ዓይነት ይወሰናል። አንደኛው ሁሉም መርከቦች ተራ በተራ አንድ ነጥብ ላይ እየደረሱ የሚታጠፉበት ነው። የጃፓኑ አድሚራል ቶጎ እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 1905 በሱሺማ የባሕር ውጊያ የጃፓንን ሰልፍ ሚካሳ በተባለችው መርከብ መሪነት በሩሲያ መርከቦች ፊት ያዞረው እንዲህ ሲሆን፣ የሩሲያ ተኳሾች መታጠፊያው ላይ እንዲያነጣጥሩ ዕድል የሰጠውም ይኸው ነው። ለዚህ ቴምፕሌቱን ለመጀመሪያዋ መርከብ አስቀምጠው ከጠረጴዛው ጋር በሚላቀቅ ማጣበቂያ ይያዙትና የመጨረሻዋ እስክታልፍ አያንቀሳቅሱት።

ሁለተኛው ሁሉም በየቦታቸው የሚታጠፉበት ነው። የጀርመኑ አድሚራል ሼር እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1916 በጁትላንድ የባሕር ውጊያ የጀርመንን ሰልፍ 180 ዲግሪ ያዞረው ከኋለኛዋ መርከብ አስጀምሮ በዚህ መንገድ ነበር። እርስዎን የሚያስቸግርዎ ይህኛው ነው፤ መርከቦቹ ስለሚቀራረቡ ቴምፕሌቱ በጎረቤቷ ላይ ያርፋል። እኔ በቅስቱ ፈንታ መነሻውንና መድረሻውን በቀጥታ የሚያገናኝ ጠባብ ቁራጭ እጠቀማለሁ። በ12 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ለ45 ዲግሪ የቁራጩ ርዝመት 9.2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመርከቧ አቅጣጫ በ22.5 ዲግሪ ይቀመጣል፣ መርከቧም ስትደርስ ሌላ 22.5 ዲግሪ ትዞራለች። ለ90 ዲግሪ ደግሞ 17 ሴንቲ ሜትር በ45 ዲግሪ ነው። ከጉዞዋ የሚቀነሰው ግን የቅስቱ ርዝመት፣ ማለትም 9.42 እና 18.85 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ቁራጩ ላይ ይጻፉት።

ቶርፒዶ ወይም ግጭት የሚያጠራጥር ሲሆን ወደ ሙሉ ቅስቱ ይመለሱ፤ ምክንያቱም ቀጥተኛው መስመር በ45 ዲግሪ መታጠፍ ከእውነተኛው መንገድ 0.9፣ በ90 ዲግሪ ደግሞ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል።