ክርክር፦ «የሚረጋው ዘይት የጡት ካንሰር ያመጣል» ተብሎ ለቅሬ (ለሰፈር እድር) ይነገር ወይስ ይቅር?

አስተባባሪ
ለደሴ ቅሬዎች በሚነበበው የጤና ማስታወቂያ ረቂቅ ላይ እንዲህ የሚል ገብቷል፦ «የሚረጋ ዘይት የጡት ካንሰር ስለሚያመጣ ወደ ኑግ ቀይሩ።» ይቆይ ወይስ ይውጣ? ምክንያታችሁን አያይዙ።

የምግብ ሳይንስ መምህር
ይውጣ። የሚረጋው ዘይት ፓልም ነው፤ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ (እንደ ቅቤ የሚረጋው ዓይነት) ነው፤ ለልብና ለደም ስር ጥሩ አይደለም፣ እሱ ላይ ጭቅጭቅ የለም። መርጋቱ ግን ስለ ካንሰር የሚነግረን ነገር የለም። ያው ጀሪካን ደሴ ላይ ጠዋት ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ቀትር ላይ ይፈሳል። የአሜሪካው የሴቶች ጤና ጥናት በ2006 ሲታተም የወር አበባቸው የቆመ 48,835 ሴቶችን በአማካይ ለ8.1 ዓመት ተከታትሎ ነበር። ስብ እንዲቀንሱ የተደረጉት ላይ የጡት ካንሰር በ9 በመቶ አንሶ ቢታይም፣ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው ልዩነት አልወጣም።

ሲስተር (ካንሰር ክፍል፣ ደሴ)
መምህር፣ ከጀመሩ ይጨርሱት እንጂ። እነዚያኑ ሴቶች ወደ 20 ዓመት ገደማ ሲከታተሏቸው ስብ የቀነሱት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በ21 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የአውሮፓው ኢፒክ ጥናትም አለ፤ 2014፣ ከ337,000 በላይ ሴቶች። ሳቹሬትድ ስብ አብዝተው የሚመገቡት ሆርሞን ተቀባይ ባለው (በሴት ሆርሞን በሚያድገው) የጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ጥቂት ከሚመገቡት በ28 በመቶ በልጧል። ይህ ተራ ነገር አይደለም።

የምግብ ሳይንስ መምህር
ኢፒክ ምልከታ ነው፣ የማንንም ገበታ አልቀየረም፤ ቅቤና ሥጋ የሚያበዛ ሰው ሌላውም አኗኗሩ ይለያል። የአሜሪካዎቹ ደግሞ አትክልት፣ ፍራፍሬና እህል ጨምረዋል፣ ክብደትም በመጠኑ ቀንሰዋል። ከዚያ በላይ፣ የተፈተነው የስብ *መጠን* ነው። አንዱን ዘይት በሌላ መቀየር አልተፈተነም፤ ረቂቁ የሚመክረው ግን ይህንኑ ነው።

ፋርማሲስት (ፒያሳ)
ኑግም ከክስ አያመልጥም። የኑግ ዘይት ከ70 በመቶ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ፣ ማለትም ኦሜጋ 6 ነው። በ2025 የዌል ኮርኔል ተመራማሪዎች ይኸው አሲድ ኤፍኤቢፒ5 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ኤምቶር የተባለውን የሴል ዕድገት መስመር እንደሚያነሳሳ አሳይተዋል፤ ያውም ሦስቱም ተቀባዮች (የኤስትሮጅን፣ የፕሮጄስትሮንና ኸር2) በሌሉት የጡት ካንሰር ዓይነት ላይ። ወጣት ሴቶቻችንን የሚያጠቃው ክፉው ዓይነት እሱ ነው። ታዲያ ከፓልም አውጥተን ወደዚህ ልንገፋቸው ነው?

ሲስተር
በሴልና በአይጥ ላይ ነው ያሳዩት፣ ወንድሜ። በሰው ላይ የተሰበሰቡት ጥናቶች ሊኖሌይክ የጡት ካንሰርን ይጨምራል አይሉም። እሱን ከጻፍን ሴቶቹ ተመልሰው ፓልም ነው የሚገዙት።

ዘይት ጨማቂ (ኮምቦልቻ)
በመሐል ልግባ። ኑግ ግዙ ስትሉ የትኛውን? በቀላል መጭመቂያ የወጣ፣ ያልተጣራ ኑግ ቶሎ ይበላሻል፤ ኦሜጋ 6 የበዛበት ዘይት ከአየርና ከብርሃን ጋር አይስማማም። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረ ነጭ ጠርሙስ አትግዙ። በወር የሚያልቅ ብቻ ይገዛ፣ ክዳኑ ይጠበቅ፣ ከምድጃ ይራቅ። ሽታው ከተለወጠና ጉሮሮ ከከረከረ ይደፋ። አንዳንዱ ፍሪጅ ከትቶ «ካልረጋ ንጹሕ ነው» ይላል። ከረጋ ፓልም መግባቱን ያስጠረጥራል፤ አለመርጋቱ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ሶያ ቢደባለቅበት አይረጋማ።

ፋርማሲስት
የወይራ ዘይትስ? የስፔኑ ጥናት በ2015 በጡት ካንሰር ላይ ትልቅ ቅናሽ አሳይቷል።

የምግብ ሳይንስ መምህር
4,282 ሴቶች፣ በጠቅላላው 35 ታማሚዎች። በዚያ ቁጥር ላይ ማስታወቂያ አይቆምም። ዋጋውንም የቅሬ እናቶች ያውቁታል።

ወደ መጠኑ እንመለስ። አምስት ሰው ያለው ቤት በወር 3 ሊትር ከፈጀ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሚሊ፣ 18 ግራም ገደማ፣ ወደ 165 ካሎሪ ይደርሰዋል። 5 ሊትር ከሆነ ወደ 275 ይወጣል። ዘይቱ ፓልም ሆነ ኑግ ካሎሪው አንድ ነው። የሚለየው ሳቹሬትዱ ነው፦ ከ18 ግራም ፓልም 9 ግራም ያህል፣ ከኑጉ 3 ግራም ገደማ። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የሳቹሬትዱ ጣሪያ 22 ግራም ነው፤ በፍስክ ቀን ቅቤ ሲጨመር ሊያልፍ ይችላል። ቁሌቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማብሰልና ዘይቱን በጭልፋ ለክቶ መጨመር ከመቀየሩ ይበልጣል።

ሲስተር
እዚህ ላይ እስማማለሁ፣ ምክንያቱም የካንሰሩ መንገድ በክብደት በኩል ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) የሚመረተው በዋናነት ከስብ ሕዋስ ነው፤ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ሌላውን ሆርሞን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2016 ከማረጥ በኋላ የሚመጣውን የጡት ካንሰር ከውፍረት ጋር በበቂ ማስረጃ አያይዞታል። ለወጣቶቹ ግን ይህ አይሠራም፤ ከማረጥ በፊት ግንኙነቱ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው።

ፋርማሲስት
እንግዲያው መጠጡም ይጻፋ! በቀን 10 ግራም አልኮል አደጋውን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከየትኛውም ዘይት የጠነከረ ማስረጃ ነው። 12 ወር ማጥባት ደግሞ በ4.3 በመቶ ይቀንሳል። ማርጋሪንም አለ። በፈረንሳይ በ2008 የወጣው ጥናት በደማቸው ትራንስ ስብ (ፈሳሽ ዘይት በፋብሪካ በከፊል ሃይድሮጅን ተጨምሮበት ሲረጋ የሚፈጠረው) የበዛባቸውን ሴቶች አደጋ 1.75 እጥፍ አድርሶታል። ፓልም በባሕርዩ ትራንስ ስብ የለበትም፤ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ማሸጊያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጅኔትድ» ካለ ይመለስ።

ዘይት ጨማቂ
የመጥበሻውን ዘይት ረሳችሁት። በረመዳን የሳምቡሳ ዘይት ከአፍጥር እስከ አፍጥር ይደጋገማል። ከጠቆረ፣ አረፋው አልጠፋ ካለ፣ ሳይግል መጨስ ከጀመረ አልቆለታል። አዲስ ጨምሮበት ማራዘም የባሰ ነው፤ አሮጌው አዲሱን ቶሎ ያበላሸዋል።

አስተባባሪ
ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። እንዲህ ላስተካክለው፦ «ዘይት በልኩ፤ የሚረጋውን መቀነስ ለልብ ይበጃል። ጡት ላይ እብጠት ካገኛችሁ ባያምም ቶሎ ታዩ።»

ሲስተር
ሁለተኛው ከላይ ይሁን። እብጠቱ ስለማያም ነው ቆይተው የሚመጡት። «ለልብ» ብቻ መባሉን ግን አልቀበልም፤ የ21 በመቶውን ነገር ማንም አልመለሰልኝም።

የምግብ ሳይንስ መምህር
እሱ የስብ መጠንን የቀነሰ፣ አትክልት የጨመረ ገበታ ውጤት ነው። «ዘይት በልኩ፣ ጎመንና ምስር ይብዛ» ብለሽ ካንሰር የሚለውን ጻፊው፣ እፈርማለሁ። የጀሪካኑን ዓይነት እየጠራሽ ግን አይሆንም።