ኪንድል ልግዛ ወይስ ኮቦ? የገዛሁት መጽሐፍ እንዳይጠፋብኝ እፈልጋለሁ

የማታ አንባቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ስልክ ላይ ማንበብ ዓይኔን ጨረሰው፣ ስለዚህ ኢ-ሪደር (የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ) ልገዛ ነው። የአማዞኑ ኪንድል ጥሩ ነው ይሉኛል፣ መጽሐፉም እንደ ልብ ነው፤ ግን ከአንድ ሱቅ ጋር ተጣብቄ መቅረት አልፈልግም። ከዚህ በፊት አንድ አፕ ላይ ከፍዬ የገዛኋቸው መጻሕፍት ነበሩኝ። አገልግሎቱ ሲዘጋ አብረው ጠፉ። ከመጻሕፍቱ ይልቅ ያሰመርኩባቸውና ማስታወሻ የጻፍኩባቸው ገጾች ዛሬም ይቆጩኛል። የማነበው ልብ ወለድና ታሪክ ነው፣ አልፎ አልፎ ፒዲኤፍ። ኮምፒውተር ላይ ብዙም አይደለሁም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀለም_07
ወንድሜ፣ ያንተ ዕጣ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የኢ-መጽሐፍ ሱቁን ሲዘጋ ሰው የገዛው ሁሉ መከፈት አቆመ፣ ገንዘቡን ግን መልሷል። አማዞን ደግሞ በ2009 የጆርጅ ኦርዌልን መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከርቀት አጠፋ፤ ሻጩ የማሳተም መብት የለውም ተብሎ ነው። ኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል። እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ የገዛኸውን የኪንድል መጽሐፍ ከድረ ገጹ ወደ ኮምፒውተር አውርደህ በገመድ መጫን ትችል ነበር፣ እሱንም አንስተውታል። እንግዲህ መሣሪያ ከማማረጥህ በፊት ይህን ጠይቅ፦ የከፈልኩበትን ፋይል ራሴ ጋ ማስቀመጥ እችላለሁ? ሌላ መሣሪያ ላይስ ይከፈታል?

ገጽ በገጽ
ኮቦ ነው የምጠቀመው፣ ወድጄዋለሁ። ግን ኮቦም ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው ብዬ አልዋሽህም። የራሱ ሱቅ አለው፣ እዚያ ከሚሸጡት ብዙዎቹም ተቆልፈው ነው የሚመጡት (ዲአርኤም የሚባለው ይኸው ቁልፍ ነው፣ ፋይሉ ሌላ መሣሪያ ላይ እንደ ልብ እንዳይከፈት ያደርጋል)። የተሻለ የሚያደርገው ኢፐብን (የተለመደውን የኢ-መጽሐፍ ፋይል ዓይነት) በቀጥታ ማንበቡ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው እንደ ፍላሽ ይታያል፣ ፋይሉን ጎትተህ ትጥላለህ፣ አለቀ። የአማርኛ መጽሐፍ ስከፍት መጀመሪያ ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር የሚታየኝ። አቢሲኒካ የሚባለውን ነፃ ፎንት አውርጄ የፎንት ፎልደሩ ውስጥ ስጨምረው ፊደሉ ቁልጭ ብሎ መጣ፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሌላው ኬኦሪደር ነው። ክፍት ምንጭ የሆነ የማንበቢያ ፕሮግራም ነው፣ ኮቦም፣ ፖኬትቡክ የሚባለው ሌላ ኢ-ሪደርም ላይ ይጫናል። ያሰመርክበትን ሁሉ ከመጽሐፉ ጎን ባለ ፎልደር ስለሚያስቀምጥ ኮፒ አድርገህ ትይዘዋለህ። አንተ የተቆጨህበት ነገር እዚህ ጋ መልስ ያገኛል።

ዝምተኛው
ለኪንድል የሚከራከር ስለጠፋ እኔ ልግባ። ኮምፒውተር ላይ ብዙም አይደለሁም ብለሃል። ኪንድል ከካርቶኑ አውጥተህ፣ አካውንትህን አስገብተህ ወዲያው ማንበብ ነው። ከ2022 ጀምሮ ኢፐብ ስትልክለት ራሱ ቀይሮ ይቀበላል፣ ቁልፍ ከሌለው ማለቴ ነው። ስክሪን ብለህ አትጨነቅ፣ የሁለቱም የተለመዱት ሞዴሎች 300 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ናቸው። እኔ አንድ ጊዜ አንብቤ የምተወውን ከሱቁ እገዛለሁ። ደጋግሜ የምመለስበትን ግን ሳይቆለፍ ከሚሸጥበት ፈልጌ ነው የምገዛው፣ ካጣሁ ወረቀቱን። የቆዩትን ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከሚባለው ድረ ገጽ በነፃ አወርዳለሁ።

የማታ አንባቢ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ ኮቦ እያደላሁ ነው። ፒዲኤፉስ እንዴት ይሆናል?

ገጽ በገጽ
ባለ 6 ኢንች ላይ ኤ4 ገጽ ያደክማል፣ በተለይ ስካን ከሆነ ፊደሉ ጉንዳን ነው የሚያክለው። ኬኦሪደር የገጹን ጠርዝ ቆርጦ ትንሽ ያሰፋልሃል፣ ግን ተአምር አትጠብቅ። አልፎ አልፎ ከሆነ ታብሌት ላይ አንብበው። ሁሌ ከሆነ ባለ 10 ኢንች ውሰድ።

ቀለም_07
አንድ ነገር ልጨምር። መሣሪያው እስኪመጣ ካሊበር የሚባለውን የኢ-መጻሕፍት ማደራጃ ፕሮግራም ኮምፒውተርህ ላይ ጫን፣ ነፃ ነው። ያለህን ኢፐብ ሁሉ እዚያ ሰብስብና ፎልደሩን ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርገው። ነገ ኮቦውን ብትጥለው ወይም ሐሳብህን ቀይረህ ሌላ ብትገዛ መጻሕፍቱን ከዚያው ትጭናለህ።

የማታ አንባቢ
እሺ፣ ዛሬ ማታ አወርደዋለሁ። ፎንቱ ላይ ከተቸገርኩ እመለሳለሁ።