ጋራንቲው ያላለቀ የወርክሾፕ ቫክዩም መሳብ አቆመ፤ ልክፈተው ወይስ ልላከው?

ሰጋቱራ_ሐዋሳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ቁም ሣጥንና የኪችን ካቢኔት ነው የምንሠራው። አብዛኛው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) ነው፣ አልፎ አልፎ ዋንዛ ሲገኝ። ከስምንት ወር በፊት አዲስ አበባ ወርጄ ባለ 30 ሊትር ቫክዩም ገዛሁ፣ ደረቁንም እርጥቡንም ይስባል የሚባለውን ዓይነት። የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለው ብለው ማኅተም ያረፈበት ካርድ ሰጡኝ፤ እኔም ካርዱን እንደ ክታብ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

መጀመሪያ አካባቢ ሚስማር ሳይቀር ይጎትት ነበር። አሁን የቀረው ጩኸቱ ነው። እንዲያውም ድምፁ ከበፊቱ ቀጥኗል፣ ጆሮ ይበሳል፣ ሰጋቱራው ግን ወለሉ ላይ ተኝቶ ያየዋል። ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ይግልና ራሱን ያጠፋል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይነሳል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ላከው፣ ባለሙያ ይየዋል» አለኝ። መቼ ይመለሳል ስለው ሁለት ሳምንትም ወርም ሊሆን ይችላል። ባለፈው ከሌላ ሱቅ የገዛሁትን መሰርሰሪያ እንዲሁ ልኬ «የአጠቃቀም ችግር ነው» ተብሎ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ከፍዬ እንደተበላሸ ነው የተቀበልኩት። አሁን ደግሞ ሁለት ሥራ ይዤ አቧራ ውስጥ ተቀምጬ ወር ልጠብቅ? ክዳኑ ብሎን ላይ «ከተቀደደ ጋራንቲ የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልቅደደው ወይ?

ካቻቢቴ፦
ወንድሜ ወረቀቱን አትንካው። የምትፈልገው ነገር ከሱ ሥር ያለ አይመስለኝም።

ድምፁ ቀጠነ ያልከው ብዙ ይናገራል። ነፋስ የሚገባበት ሲዘጋ የሞተሩ ማራገቢያ የሚገፋው አየር ስለሚያንሰው ይፈጥናል፣ ጩኸቱ የሚቀጥነው ለዚያ ነው። ሞተሩ ራሱ ደክሞ ቢሆን ድምፁ ይወርድ ነበር እንጂ አይቀጥንም። ስለዚህ የሆነ ቦታ ተደፍኗል። የት እንደሆነ ለማወቅ ብሎን መፍታት አያስፈልግህም፤ ቱቦውን ከበርሜሉ ንቀልና መዳፍህን ቀዳዳው ላይ አድርግ፣ እጅህን ይዞ ካስቀረ ችግሩ ቱቦው ውስጥ ነው። እዚያም ካልሳበ በርሜሉን ደፍተህ አጽዳና ፊልትሮውን፣ ማለትም አቧራ ማጣሪያውን፣ አውጥተህ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ብቻ አስነሳው (ከዚያ በላይ አቧራ ሞተር ውስጥ ታስገባለህ)። ያኔ ከሳበ ፊልትሮው ነው። ያም ካልሆነ ከላይ በኩል ወንፊት የመሰለ ነገር ውስጥ ያለችውን ተንሳፋፊ ኳስ እያት። ውሃ ሲሞላ ወደ ላይ ወጥታ ነፋሱን የምትዘጋው እሷ ናት፣ አቧራ ከተጋገረባት ውሃ ሳይኖርም ተጣብቃ ትቀራለች።

የኔ ግምት ፊልትሮው ነው። የኤምዲኤፍ አቧራ ሰጋቱራ አይደለም፣ ዱቄት ነው። መሬት ላይ በማንኳኳት አይለቅም። ኮምፕረሰር ካለህ ግፊቱን ቀንሰህ፣ ራቅ ብለህ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ንፋው። ከውጭ ከነፋኸው ዱቄቱን የፊልትሮው ወረቀት ውስጥ ትቀብረዋለህ። ደግሞ ውጭ ወጥተህ፣ ማስክ አድርገህ።

ሞተር_ጠምጣሚ፦
ካቻቢቴ ልክ ነው። እኔ ጋ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ተብሎ ከሚመጣው ቫክዩም ስንቱን ፊልትሮ አጽድቼ መልሻለሁ፣ ሰዉ ግን ለጽዳት መክፈል አይፈልግም፣ የሞተሩን ሽቦ ለመጠምጠም ቢሆን ይከፍላል።

መጋሉን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የቤት ቫክዩም አብዛኛው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በሚስበው ነፋስ ነው፣ ስለዚህ ሲደፈን ወዲያው ይግላል። ውሃ የሚስበው የአንተ ዓይነቱ ግን ሞተሩ ውሃ እንዳይነካው ማቀዝቀዣ ነፋሱን በሌላ መንገድ፣ ከጭንቅላቱ ላይ ባሉት ስንጥቆች ነው የሚያስገባው። እስኪ እነሱን እያቸው። በስምንት ወር የኤምዲኤፍ ብናኝ ደፍኗቸው ይሆናል። በቀለም ብሩሽ ጥረግ፣ ከውጭ ነው፣ ወረቀቱን አይነካም። ራሱን ያጠፋው መከላከያው ሠርቶ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። ግን እየደጋገምክ እስኪጠፋ አታሠራው፣ የሽቦው ልባስ አንድ ቀን ይለቃል።

ጋራንቲው ሲያልቅ ደግሞ ካርቦኑን ተመልከት፣ ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ሁለት ቁራጮች ማለቴ ነው። ከ5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ካጠረ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር፣ አንዱን ብቻ አይደለም። የግራይንደር ካርቦን በሞረድ አሳንሶ መክተት የለመደ አለ። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ኮሌክተሩን (ካርቦኑ የሚታከክበትን የመዳብ ቀለበት) ይበላዋል፣ ከዚያ ወደኔ ትመጣለህ። እኔ ቅር አይለኝም ፡)

ሌላው ቀጭን ማስረዘሚያ ገመድ ነው። በ30 ሜትር ቀጭን ሽቦ ቫክዩምና ሳንደር አንድ ላይ ሰክተህ ኃይል አነሰው አትበለኝ።

ባልዲ20፦
እኔ ቀድደህ ክፈተው ባይ ነኝ። ጋራንቲ ምናባቱ። መላኪያውና የምትጠብቅበት ቀን ተደምሮ ከዕቃው ይበልጣል።

ለማንኛውም ፊልትሮህ ቶሎ እንዳይደፈን ከቫክዩሙ በፊት ባልዲ አስገባ። የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ፣ ክዳኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ። ከማሽኑ የሚመጣው ቱቦ የባልዲውን ግድግዳ ታክኮ ወደ ጎን እንዲተፋ ታደርገዋለህ፣ ወደ ቫክዩሙ የሚሄደው ከክዳኑ መሃል ይወጣል። ነፋሱ ይሽከረከራል፣ ከባዱ ወደ ታች ይወድቃል። እኔ ፊልትሮ የማጸዳው በሳምንት ነበር፣ አሁን ወር ይቆያል። ክዳኑ ግን ነፋስ ካስገባ ዋጋ የለውም፣ ባልዲው ስስ ከሆነና ቱቦው ከተደፈነ ደግሞ እንደ ጣሳ ጭምድድ ይላል፣ አይቻለሁ።

ካቻቢቴ፦
ባልዲው ጥሩ ነው፤ የሚያስቀረው ግን ፍርፋሪውን ነው፣ ደቃቁ ዱቄት ያልፋል። ለሳንባ የሚያስፈራው ደግሞ ደቃቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን ካንሰር አምጪነታቸው በተረጋገጠው፣ በ1ኛው ምድብ ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ ባልዲ አለኝ ብለህ የተቀደደ ፊልትሮ አታሠራ። ከኋላው የሚተፋውን አንተው ነህ የምትተነፍሰው።

ደረሰኝ_ያዥ፦
እኔ እንጨት ሠሪ አይደለሁም፣ ባለቤቴ ነው። እኔ የቤቱን ወረቀት ነው የምይዘው፣ ስለዚህ ስለ ጋራንቲው ልበል።

መጀመሪያ ካርዱን አንብበው። አብዛኛው ጋራንቲ ፊልትሮ፣ ቱቦና ካርቦን አይሸፍንም፣ በሥራ የሚያልቁ ናቸው ይላል። የተደፈነ ፊልትሮ ያለበት ቫክዩም ልከህ «የአጠቃቀም ችግር» ቢሉህ አትፍረድባቸው። ሁለተኛ ስትገዛ «ጋራንቲ አለው?» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። መለዋወጫው አለ? የሚጠግነው የት ነው? የመላኪያውን ማን ይከፍላል? አንድ ሻጭ «አለው አለው» ሲለን የመለዋወጫ ፊልትሮ አሳየን ስንለው ዝም አለ፣ ትተነው ወጣን።

ደግሞ ሕግም አለ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ላንተ አልፎሃል፣ ግን ለሚቀጥለው፣ ዕቃ ገዝታችሁ ካርቶኑን ሳትከፍቱ ወር አታስቀምጡ። በመጀመሪያው ሳምንት አስጨንቃችሁ አሠሩት።

ከውጭ ዘመድ የሚልክላችሁም ብትሆኑ ጋራንቲው ብዙ ጊዜ የተገዛበት አገር ነው የሚሠራው። የጀርመኑ ቦሽ ለምሳሌ ለሰማያዊዎቹ፣ ለባለሙያ ለሚሠራቸው መሣሪያዎች፣ አውሮፓ ውስጥ 3 ዓመት ይሰጣል፣ ግን በተገዙ በ4 ሳምንት ውስጥ በኢንተርኔት ከተመዘገቡ ነው። የኛው ዘመድ ሲመጣ አመጣለሁ ብሎ ሦስት ወር ቤቱ አስቀምጦት አለፈበት።

ሞተር_ጠምጣሚ፦
እህቴ ዘመድ ካነሳሽ፣ ከአሜሪካ የሚመጣውን ቮልቱን ሳታዩ አትሰኩ በያቸው። 120 ቮልት 12 አምፔር የሚል ቫክዩም ወደ 1,440 ዋት ነው፣ በ1,000 ዋት ትራንስፎርመር ሰክተው አምጥተውልኛል፣ ትራንስፎርመሩ ነው ቀድሞ የጨሰው። 2,000 እና ከዚያ በላይ ይሁን። 60 ኸርዝ 50 ኸርዝ የሚለው ካርቦን ላለው ሞተር ግድ የለውም። የሚገድለው ቮልቱ ነው።

ሰጋቱራ_ሐዋሳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት አንድ በአንድ ሞከርኩት።

ቱቦውን ስነቅለው ትንሽ ተሻለው፣ ብዙ ግን አይደለም። ቱቦውን በረጅም ፌሮ ስጎረጉር ከክርኑ ላይ የካቢኔት ጠርዝ የምንለጥፍበት ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ፣ ከኋላው ግማሽ ኪሎ የሚሆን ሰጋቱራ። ይሄ አንዱ። ሁለተኛው ፊልትሮው ነው። ረዳቴ «አጥቤው ነበር» አለኝ። መቼ? ባለፈው ሳምንት። አድርቀኸዋል? «ጠብ ጠብ ማለት አቁሞ ነበር።» በዚህ ዝናብ! እርጥብ ፊልትሮ ላይ የኤምዲኤፍ ዱቄት ስትለቅበት ሊጥ ነው የሚሆነው፣ ከዚያ ይደርቅና እንደ እንጀራ ምጣድ ይጠነክራል። በኮምፕረሰር ብነፋው ንቅንቅ አላለም። አዲስ ለማምጣት ሰው ልኬያለሁ። ለጊዜው ያለ ፊልትሮ ለሦስት ሰከንድ አስነስቼው ልክ እንደ አዲስ ሳበ። ጋሼ ሞተር ጠምጣሚ ያሉትን ስንጥቆችም ጠረግኳቸው፣ የወጣው አቧራ ጉድ ነው።

ወረቀቱ አልተቀደደም፣ ጋራንቲው አራት ወር ይቀረዋል። ግን ደረሰኝ ያዥ ያለችውን አንብቤ መሳቢያውን ከፈትኩ። ካርዱ አለ። ደረሰኙ ግን ከሙቀቱ ይሁን ከቆይታው ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆኗል፣ «ጠቅላላ» የሚለው ብቻ በስሱ ይታያል።

ደረሰኝ_ያዥ፦
ወይ ጉድ! እሱን ለመጻፍ ነበር የረሳሁት። ዕቃው እንደተገዛ ፎቶ ይነሳል፣ ኮፒ ይደረጋል። አሁንም ሻጩ ጋ ደውልና ቅጂውን ከማሽናቸው እንዲያወጡልህ ጠይቅ፣ ቀኑን ካወቅከው ሊያገኙት ይችላሉ። የቫክዩሙን ሰሪያል ቁጥርም ካርዱ ላይ ካለው ጋር አስተያይ።

ሰጋቱራ_ሐዋሳ፦
እሺ ሰኞ እደውላለሁ። ባልዲ20፣ ክዳኑ ነፋስ የማያስገባ የቀለም ባልዲ ፒያሳ በኩል ይገኛል ወይስ ከቀለም ቀቢዎች ልለምን?